የስድስት ወረቀት ሐቅ

ሸዋ ሮቢት በግንቦት ምን እንደምትመስል ለሚያውቅ ሰው ወሬ ማስረዘም አያስፈልግም። በእትዬ አስካለ የኅትመት ቤት ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው ማራገቢያ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማመላለስ በቀር የሚፈይደው ነገር አልነበረም። የዚያን ሐሙስ ረፋድ ግን የቤቱን ሠራተኛ ሐምዲያን ያላባት ሙቀቱ አልነበረም። ጋሽ አሊዪ በሩ ላይ ቆመው የጫማቸውን አቧራ ያራግፉ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም። አለሽ ልጄ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም ጋሼ፤ ይግቡ» አለች።

ጋሽ አሊዪ የሱፍዋን አባት ናቸው፤ ጀውሃ ላይ የማንጎና የሎሚ እርሻ ያላቸው፣ ሲመጡ ሰው ከተቀመጠበት የሚነሳላቸው ሽማግሌ። ሱፍዋን ደግሞ የሐምዲያ ነው። ወይም ነበር። እስከ ጥር ድረስ የቀራቸው ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ብቻ ነበር። ከጥር ወዲህ ግን ሱፍዋን አፋር በረሃ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ አባቱም ስሙ በቤታቸው እንዳይነሳ ከልክለዋል። ይህ ሁሉ በማን ጥፋት እንደመጣ የምታውቅ በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም አሁን የአባትየውን ፓስፖርት ለመቀበል እጇን ዘርግታለች።

«ሐጅ ልሄድ ነው» አሉ ጋሽ አሊዪ። «ቅዳሜ በጧት ነው መኪናው። ሦስት ሦስት ኮፒ አምጡ ብለውናል።»

«ማሻአላህ! አላህ ይቀበልዎት» አለችና ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች። ፓስፖርቱን መስታወቱ ላይ ስታስተኛው የሽማግሌው ፎቶ ትክ ብሎ አያት። ክዳኑን ቶሎ ከደነችበት።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሱፍዋን የመስኖ ፕሮጀክት መሐንዲስ ነበር። የቦዩ ዲዛይን ሲታተም መቶ ሰማንያ ስድስት ትልልቅ ወረቀት ይወጣዋል፤ አንዱ ብቻ ሲዘረጋ ጠረጴዛ ያለብሳል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እየከፈቱ ማተም ቀን የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ላይ ዝርዝር ይሠራለታል። የየሥዕሉ ስምና የተቀመጠበት ቦታ በተራ ይሞላል፤ ከዚያ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ትልልቁን ወረቀት የሚያትመው ማሽን፣ ፕሎተሩ፣ እንደ ደህና በሬ ሳያጉረመርም እስከ ማታ ያርሳል። በዚህ ሥራ በከተማው የሚወዳደራት አልነበረም። አጣዬ ላይ ቤታቸው በተቃጠለ ጊዜ ከእናቷ ጋር ባዶ እጇን መጥታ፣ በእትዬ አስካለ ቤት ከፎቶ ኮፒ ጀምራ፣ እያየችና እየጠየቀች የተማረችው ነው። ጎበዝ ስለሆነችም የሠራችውን ዝርዝር አትጥለውም ነበር፤ ያው ሥራ ተመልሶ ሲመጣ የድሮውን ዝርዝር ከፍታ ቁልፉን ትጫናለች። ጥፋቱ የገባውም በዚሁ በጉብዝናዋ በኩል ነው።

በታኅሣሥ የታተመው ዲዛይን ቦዩን በጋሽ አሊዪ እርሻ መሀል ያሳልፈው ነበር። ገበሬው አቤት አለ፤ ስብሰባ ተቀመጡ፤ መስመሩ በእርሻው ግርጌ ባለው ድንጋያማ መሬት እንዲዞር ተስማሙ። ከመቶ ሰማንያ ስድስቱ የተቀየሩት ስድስቱ ብቻ ናቸው። ሱፍዋን ከስብሰባው በቀጥታ አባቱ ዘንድ ሄዶ «አባ፣ መስመሩ ዞሯል። አንድ ቅጠል አይነካብዎትም፤ ቃሌ ነው» አላቸው።

በጥር አዲሱን ፋይል በፍላሽ ይዞ መጣ። ፍላሹን ሰካላትና ከአጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ዝም ብሎም ያያት ጀመር።

«ምንድነው የምታየው?»

«ሥራውን።»

«ሥራው እዚያ ነው» አለች በአገጯ ፕሎተሩን እያመለከተች።

«ዓይኑ የኔ፣ አንቺ ምን አገባሽ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ እትዬ አስካለ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባ እሺ አሉ።»

«ምኑን?»

«ሽማግሌውን። ከረመዳን በፊት እናንተ ቤት ይልካሉ።»

የቀረውን የሠራው እጇ ነው። ልቧ ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግራት ሲያስብ፣ እጇ የለመደውን የታኅሣሡን ዝርዝር ከፈተና ቁልፉን ተጫነ። ዝርዝሩ ደግሞ የሚጠራው አሮጌዎቹን ሥዕሎች ነው። አዲሱ ፍላሽ እንደተሰካ ሳይከፈት ዋለ። ሱፍዋንስ ቢሆን ከሷ እጅ የወጣ ወረቀት ምን ብሎ ይመረምራል? መቶ ሰማንያ ስድስቱንም እየገለጠ ፈረመ፤ ግማሹን ሲፈርም የሚያየው እሷን ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጋሽ አሊዪ ለቀብር ወደ አሊዩ አምባ ከተማ ሄደው ሲመለሱ፣ ኤክስካቫተር ሃያ ሰባት የማንጎ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ አጋድሞ ደረሱ። ሾፌሩን አንቀው ሲይዙት ምን ያድርግ፣ ወረቀቱን አሳያቸው። ከሥሩ የልጃቸው ፊርማ አለበት። «ቃሉን የበላ ልጅ የለኝም፤ አይድረስብኝ» አሉ። መሥሪያ ቤቱም ሱፍዋንን ከፕሮጀክቱ አንስቶ ወደ አፋር ላከው። የሽማግሌው ነገር ያኔውኑ ቀረ፤ አባት ያልቆመለትን ልጅ ማን ይዞ ለልመና ይሄዳል?

ሐምዲያ ወሬውን በሰማች በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን ከፍታ አየችው። ስድስቱ አሮጌ ወረቀቶች በተራ ቁጭ ብለዋል። ብዙ ደቂቃ አፍጥጣ ተቀመጠች። ከዚያ ያደረገችውን ለራሷ እንኳ ደፍራ ተናግራው አታውቅም። ዝርዝሩን አጠፋችው።

በመጋቢት ሱፍዋን በመኪና ሾፌር እጅ ደብዳቤ ሰደደላት። «ሐምዲዬ፣ በስልክ ለመናገር ስለማፍር ነው የምጽፍልሽ» ይላል። «ፍላሼን ባየው አሮጌውም አዲሱም አብረው አሉ። ስለዚህ አሮጌውን እንድታትሚ የሰጠሁሽ እኔው ነኝ ማለት ነው። ዓይኔን ማመን አቅቶኛል። እዚህ አንዲት ወረቀት ለመፈረም አሥር ጊዜ ስለማገላብጥ ሰዎቹ ይስቁብኛል። በአባ አልፈርድም፤ የአባቱን ዛፍ ያስነቀለ ሰው ምን ሊባል ነው? ሁሉም ሲቀየመኝ አንቺ ብቻ አልተቀየምሽኝም። ለዚህ አላህ ይስጥልኝ።»

የመጨረሻዋን መስመር ሐምዲያ ሁለተኛ ማንበብ አልቻለችም። መልስ መጻፍ ጀመረች። አራት ጊዜ «ሱፍዋን፣ ጥፋቱ» ድረስ ሄዳ አራት ጊዜ ቀደደችው። በአምስተኛው «አይዞህ፣ ያልፋል» ብላ ላከችለት። ሆድ ይፍጀው አለች፤ ሆዷም ነገሩን ትቶ እሷን ይፈጃት ጀመር።

ኮፒው አለቀ። ጋሽ አሊዪ ግን ወረቀታቸውን ይዘው አልወጡም። ደንበኛ የሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«ሐምዲያ፣ ሐጅ የሚሄድ ሰው የሰው ሐቅ ይዞ አይሄድም» አሉ። «ከትናንት ጀምሬ እየዞርኩ ነው፤ ጎረቤቱን፣ ገበያተኛውን፣ የተጣላሁትንም ያልተጣላሁትንም አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እያልኩ። እዚህም የመጣሁት ለኮፒው ብቻ አይደለም።»

«ጋሼ፣ እኔን ምን አድርገውኝ ያውቃሉ?»

«ሳታውቂው ነው። ልጁ በመጀመሪያ ስላንቺ የነገረኝ ዕለት፣ 'ከኪራይ ቤት ሚስት አትመጣም' ብዬዋለሁ። አንቺንም እናትሽንም ሳላውቅ። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ቤት የለውም ብዬ አማሁ። ኋላ እሺ ብያለሁ፤ ቢሆንም ያልኩት ከአፌ ወጥቷል።» ተነስተው ቆሙ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ሐቅሽ አለብኝ። አውፍ በይኝ ልጄ።»

ሰው የሚነሳላቸው ሽማግሌ ለሷ ተነስተው ቆመዋል።

«አውፍ ብያለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ብላቸው ብትሸኛቸው ማን ያውቃል? ዝርዝሩ ጠፍቷል። ሽማግሌው ሐጅ አድርገው ሲመለሱ ልባቸው ይራራል፣ ልጃቸውን ይታረቃሉ፣ ሽማግሌም ይላካል፣ እሷም ትዳራለች። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው፤ አማራትም። ከዚያ ሱፍዋን ከፊቷ መጣባት። ዕድሜ ልኩን ከአንድ ገበታ አብሯት ሲበላ፣ ወረቀት ሲያይ ሲደነግጥ፣ ጥፋቷን እሱ ተሸክሞት እሷን ሲያመሰግናት። ምስጋናውን መስማት እንደማትችል አወቀች።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች። «አውፍ መባል ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«ምን ሆነሽ?»

«ሱፍዋን አልዋሸዎትም። አዲሱን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ አሮጌውን ያተምኩት። የታኅሣሡን ዝርዝር ሳልቀይር ተጫንኩት። በሦስተኛው ቀን አወቅሁ፤ አውቄም ዝርዝሩን አጠፋሁት። እሱ አያውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ በራሱ ላይ ይዞታል።»

ከወዲያ ጥግ ላሚኔሽን ያደርጉ የነበሩት እትዬ አስካለ እጃቸው ቀጥ አለ፤ የአንድ ምስኪን ደንበኛ መታወቂያ ማሽኑ ውስጥ ተጨማዶ ቀረ። ጋሽ አሊዪ ግን ሐምዲያን አላዩዋትም። የሚያዩት ከእግራቸው ሥር ያለውን ወለል ነበር።

«ዛፉን ተይው» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ቃሉን አልበላም ነው የምትዪኝ?»

«አልበላም ጋሼ።»

አግዳሚው ላይ ወደቁ እንጂ ተቀመጡ አይባልም። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ ምን ያህል እንዳረጁ ያኔ ታያት። «ሊሄድ ሲል በር ላይ ቆሞ ነበር» አሉ። «እናቱ ታለቅሳለች፤ እኔ ውስጥ ቁርኣን ገልጬ ተቀምጫለሁ። ለኢድ ደወለ፤ አላነሳሁም። አራት ወር ሙሉ ይህን እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ» አለች። ምክንያት ልትጨምርበት ፈለገችና አንድም አላገኘችም።

«ደውዪለት። ቁጥሩን ከስልኬ አስጠፍቼዋለሁ።»

ደወለች፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ በመሀላቸው ያዘችው። ብዙ ከጠራ በኋላ ተነሳ።

«ሐምዲዬ! በሥራ ሰዓት? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች!»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ አሊዪ።

ከወዲያ በኩል የበረሃው ነፋስ ብቻ ተሰማ።

«አባ?»

«ሐጅ ልሄድ ነው። በድዬሃለሁና አውፍ በለኝ ልጄ።»

«ኧረ አባ፣ የበደልኩትስ እኔ...»

«አልበደልክም። ቃልህንም አልበላህም። ዛሬ ነው የነገሩኝ። ቅዳሜ ሳልሳፈር ድረስ። ፊትህን ሳላይ ብሄድ ሐጄም ሐጅ አይሆንልኝ።»

ለሐምዲያ የሱፍዋን ትንፋሽ ሲቆራረጥ ተሰማት፤ አራት ወር የታመቀ የወንድ ልጅ ለቅሶ ነበር። በደስታው ልቧ ዘለለ፤ ወዲያውም ቀጥሎ የሚመጣው ትዝ አላትና ባለበት ቀዘቀዘ።

ጋሽ አሊዪ ስልኩን ከመሀል ገፋ አደረጉላት። «የቀረውን አንቺ ንገሪው» ብለው ኮፍያቸውን አጠለቁ።

«ጋሼ፣ እኔንስ?» አለች።

በሩ ላይ ቆም አሉ። «የዛፉን ከልቤ አውፍ ብዬሻለሁ። ዛፍ ይተከላል። የልጁ ሐቅ ግን የኔ አይደለም። በሰው ሐቅ ሌላ ሰው አውፍ አይልም።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ለአባቱ የተናገረችውን፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ሳታለዝብ ለልጁ ነገረችው። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከሦስተኛው ቀን።»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን ሱፍዋን ራሱ ዘግቶት እንጃ። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። እትዬ አስካለ ከወንበራቸው ተነስተው ሲመጡ ከሥራ መባረሬ ነው ብላ አንገቷን ደፋች።

«እንባሽን ጥረጊ፤ የሰው ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል» አሏት። «ነገ መሥሪያ ቤቱ አብረን እንሄዳለን፤ የልጁን ስም እናጸዳለን። እኔንም ይስደቡኝ፤ ከተሰደብኩ ቆየሁ።»

ሐምዲያ ከዚህ ደግነት ይልቅ ጥፊ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ዓርብ ሄዱ፣ ተናገሩ፣ ፈረመች። ቅዳሜ ጧት ሐጃጆቹን ለመሸኘት መናኸሪያው ገና ፀሐይ ሳይበረታ ሞላ። ሐምዲያ መሄድ አይገባኝም ብላ ወስና ነበር፤ እግሯ ግን አላማከራትም። ከሕዝቡ ርቃ አጥሩ ሥር ያለ የድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጠች።

ሱፍዋንን ከሩቅ አየችው። ከስቷል፤ ፀሐይ ፊቱን አክስሎታል። ከአባቱ ጋር ተቃቅፈው ቆመዋል፤ ሽማግሌው ልጃቸውን አንዴ ይለቁትና መልሰው ያቅፉታል፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ቢነፋ የሚሰማው የለም። ሐምዲያ ይህን አይታ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነበር፤ በደስታው ውስጥ ድርሻ እንደሌላትም ታውቅ ነበር።

አውቶቡሱ በተክቢራ ተሸኝቶ ወጣ። ሰው ሲበተን ሱፍዋን ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ እሷ መጣና መደቡ ላይ፣ በመካከላቸው ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትቶ፣ ተቀመጠ።

«ደብዳቤዬ ሲደርስሽ ታውቂ ነበር» አለ።

«አውቅ ነበር።»

«አንቺ ብቻ አልተቀየምሽኝም ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ምን አልሽ ስታነቢው?»

«ሞቴን ተመኘሁ። ከዚያ አይዞህ ብዬ መለስኩልህ።»

ሱፍዋን ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «አንድ ቀን፣ ሐምዲያ። ከዚያ ሁሉ ቀን የምትነግሪኝ አንድ ቀን አጥተሽ ነው?»

«እንዳላጣህ ፈርቼ ነው።»

«አሁንስ አትፈሪም?»

«አሁን ብሶብኛል» አለች።

እሱ የመናኸሪያውን ሜዳ፣ እሷ እጆቿን ያያሉ።

«የኅትመቱን አውፍ ብዬሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «መንገድ ላይ ለብቻዬ ሆኜ ነው ያልኩት። እኔም ሳላይ ፈርሜያለሁ፤ ሳላይ የፈረምኩትም አንቺን ሳይ ነው። አራቱን ወር ግን፣ አፌ ሊለው ይችላል፤ ልቤ እምቢ አለኝ።»

«እንግዲያው አትበለኝ» አለች ቶሎ ብላ። «ከልብህ ሳይመጣ እንዳትለኝ። ይህን ያህል እንኳ ልበልህ፤ ከእንግዲህ ለኔ ብለህ አትዋሽ።»

ሱፍዋን ተነሳ፤ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገ። እሷም አልለመነችው፣ ስሙንም አልጠራች፤ የመለመን መብት አለኝ ብላ አላሰበችም። አምስት ስድስት እርምጃ ሄደ። የጀርባውን ሸሚዝ ላብ አርሶት ታያት፤ ልታቆመው ስትል አፏን በነጠላዋ ጠርዝ ያዘች።

ቆመ። ሳይዞር ጠየቃት።

«ለመሆኑ ደህና ነሽ?»

ሰው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«አይደለሁም» አለችው።

ሱፍዋን ትንሽ እንደቆመ ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ። «እኔም አይደለሁም» አለና ተመልሶ መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ አሁን በመካከላቸው ቦታ አልተወም።